ሦስት ኪሎ

ከዚራ፣ ከሐዲዱ ወዲህ፣ ከኒሙ ዛፍ ጀርባ፣
ቆርቆሮው የዛገ፣ ርግብ ያደረበት፣ ውሻ የሚገባ
አንድ መጋዘን ነበር።
ሠላሳ ዓመት ሙሉ ሚዛኑ ጎን ቆምኩ፤
ጆንያ አስነሣሁ፣ ቁጥር ደመርኩ፤
ባቡሩ ሲቀር ቁልፉን አስረከብኩ።

አሁን ልጆች መጡ፣ ቢጫ ቆብ የደፉ፣
ግድግዳ አንኳኩተው፣ ሜትር ዘርግተው የሚጽፉ።
አለቃቸው ኢፍቱ ናት፣ የሳቢያን ልጅ፣ አርክቴክት።
"ጋሽ ደምሰው" አለችኝ፣ "ቀን ገበያ እናድርገው፣
ሲመሽ ሰርግ፣ ቴአትር፣ የሰፈር ስብሰባ፤ ሰው ይሙላው፣ ይሙቀው።
ምኑ የት እንደነበር የሚያውቅ ግን ማነው?"

ነገርኳት። በዚህ በር ጨው፣ በዚያ በር ቆዳ፤
በርበሬ ሲራገፍ ስናስነጥስ የምንውለው እዚህ ጓዳ፤
ያ የከሰል መስመር የደቻቱ ጎርፍ ልኩ፤
ይቺ ጭረት ደግሞ ልጄ አምስት ዓመት ሲሞላው
በቢላ የለካሁት ቁመቱ ናት፣ እንዳትነኩ።
ሁሉን ነገርኳት፤
አንዷን ብቻ ዋጥኳት።

ባስኩሉ።
ከወለሉ እኩል የተቀበረው ብረት፣
ከመስታወቱ ኋላ መርፌው የሚንቀጠቀጥ እንደ ፈሪ ምስክር ጣት፣
ሦስት ኪሎ ይዋሻል።
ያስዋሸሁት እኔ ነኝ። አለቃዬ አዞኝ፣ እኔም አቤት ብዬ፣
የሐዲድ ቁራጭ ሸጎጥኩበት፣ በጨርቅ ጠቅልዬ።

ከሽንሌ፣ ከኤረር፣ ከደወሌ የሚመጡት ሴቶች
በየጆንያቸው ሦስት ኪሎ አየር ከፈሉ።
ሦስት ኪሎ ምን አላት፣ ትሉ ይሆናል።
በቀን ስልሳ ጆንያ፣ በወር፣ በዓመት... ደምሩት።
እኔ ደምሬዋለሁ፣
አልጋዬ ላይ ሆኜ ጣራ ጣራውን እያየሁ።

ከሁሉም የማትለቀኝ ከድራ ነበረች፣ ከድራ ሮብሌ፤
"አቦ ይሄ ሚዛንህ ሆዱን ነፍቶታል!" ትለኝ ነበር ሁሌ።
"ጆንያሽ ጤዛ ጠጥቶ ነው" እላታለሁ፣
ዓይኔን ደብተሬ ላይ ተክዬ።
ጤዛ! በድሬ! በግንቦት ቀትር!
እኔ እንድሰማ ጮክ ብላ እየቆጠረች
ሳንቲም በሳንቲም ትከፍል ነበር።

ሥራው ስምንት ወር ፈጀ። ጣራው ተለወጠ፣ ምሰሶው ግን ቀረ፤
ርግቦቹ ሽቦ ላይ ተደርድረው እንደ ተፈናቃይ ሲያዩን ከረሙ፤
ኮንትራክተሩ ባስኩሉን ነቅሎ ለቁራሌው ሊሸጥ ሲዋዋል አደረ።
ኢፍቱ እምቢ አለች፦ "መድረካችን እሱ ነው፤
ሙሽራ ይቆምበታል፣ ዘፋኝ ይወጣበታል።"
ዝም አልኩ። አላበኝ።
ድሬ ላይ ደግሞ ስለ ላብ ማን ይጠይቃል።

የተከፈተ ለት፣ ፀሐይዋ ስትበርድ፣
የኤረር ብርቱካን፣ የሐረር ሐልዋ፣ ሽርጥ በየመደቡ፣
ሳንቡሳው ዘይት ውስጥ ሲንጫጫ፣ ልጆች ባስኩሉን ሲከቡ፣
ከድራ መጣች። ምርኩዝ ይዛለች።
ሰባተኛው መደብ ላይ ሽቶ የሚሸጠው የልጅ ልጇ ነው አሉ።
ጫማዋን አውልቃ ብረቱ ላይ ወጣች፤ ልጆቹ ዘወር አሉ።
መርፌው ተነሣ፣ ተርበተበተ፣ ስልሳ አንድ ላይ ቆመ።
ሰው አጨበጨበ።
እሷ ግን በዓይኗ ፈልጋ አገኘችኝ፣ በዚያ ሁሉ ሕዝብ መሐል፦
"ትናንት ጤና ጣቢያ ሃምሳ ስምንት ነበርኩ።
ደምሰው፣ አቦ፣ እኔም ጤዛ ጠጣሁ?"

ተንበረከክሁ። ክዳኑን አነሣሁ።
ጨርቁ በስብሷል፤ ብረቱ እንዳለ ነው።
"ይሄ ነው?"
"እሱ ነው።"

ይቅር አላለችም። እኔም አልጠየቅኳትም መሰለኝ፣ ምላሴ ታስሮ።
ብረቱን ወሰደችው፤
ንፋስ ሲነሣ የሰባተኛውን መደብ ሸራ የሚይዘው እሱ ነው ዘንድሮ።
እኔ ደግሞ በየቅዳሜው ሦስት ኪሎ ብርቱካን ገዝቼ፣
በደንብ አስመዝኜ፣ መርፌውን ሁለቴ አይቼ፣
ከፊቷ አኖራለሁ።
ፌስታሉን በአንድ ጣቷ ታነሣለች፣
ዓይኗን ትጨፍናለች፣
"ጎደለ" ትላለች።